ጡት የሚጠባ ሕፃን ምግብ አልበላም ሲል ምን ማድረግ ይገባል?

ለገበሬ ቤተ ሰብና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



ጥጃ ገና ከእናቱ ጡት ሳይለይ ሣር መንጨት ይጀምራል። ባለሙያ ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ጥጃው እየጠባ ሳለ ለምለም ሣር ከፊቱ ያኖርለታል። ሣሩን በአፉ እየጠቀጠቀ አያስጨንቀውም፤ «ወተት አለውና ይበቃዋል» ብሎም እስኪከሳ ድረስ አይተወውም። የሰው ልጅም እንዲሁ ነው። ዕድሜው ሲደርስ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ መልመድ አለበት፤ ሲለምድም በትዕግሥት እንጂ በግድ መሆን የለበትም።

ብዙ ወላጆች «ልጃችን ጡት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ምግብ ስናቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ ያስገባንለትንም ይተፋዋል» እያሉ ይጨነቃሉ። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ሕፃኑን በግድ ይግተዋል፤ አንዳንዱም ተስፋ ቈርጦ በጡት ብቻ ያሳድገዋል። ሁለቱም መንገዶች ሕፃኑን ይጎዱታል። በዚህ ትምህርት ሕፃኑ ምግብ የሚገፋበትን ምክንያት፣ ቀስ በቀስ የሚለምድበትን ዘዴና ከጎተራችሁ፣ ከጓሯችሁና ከዶሮ ቤታችሁ ምን እንደሚቀርብለት እናስረዳለን።

1/ ምግብ መጀመር ያለበት መቼ ነው? ለምንስ?

ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። 6 ወር ሲሞላው ግን ነገሩ ይለወጣል። በእናቱ ማሕፀን ሳለ በሰውነቱ ያከማቸው፣ ለደም የሚያስፈልገው ብረት የተባለው ንጥረ ነገር እያለቀ ይሄዳል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ስለ ሆነ የጎደለውን ሊተካለት አይችልም። ለማደግ የሚያስፈልገውም ኃይል በየወሩ ይጨምራል።

ይህ ማለት ጡት ጥቅሙ ቀረ ማለት አይደለም። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ለሕፃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል ግማሹን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ጡት ሊሰጠው ይችላል፤ ከ12 እስከ 24 ወር ድረስም ሢሶ ያህሉን ይሰጠዋል። ስለዚህ ጡት ማጥባት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ምግቡ የሚመጣው በጡት ላይ ለመጨመር ነው፤ «ተጨማሪ ምግብ» መባሉም ስለዚሁ ነው።

ይህ ጊዜ ካለፈ ምን ይሆናል? በቡቃያነቱ ውሃና ፍግ ያጣ በቆሎ በኋላ መልካም ዝናም ቢዘንብለትም እንደ ጓደኞቹ እንደማይሆን ገበሬ በማሳው ያየዋል። ልጅም ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ የሚበቃ ምግብ ካጣ ይቀነጭራል፤ ቁመቱ ይቀራል፤ በሽታ ይደጋግመዋል፤ አእምሮውም የሚገባውን ያህል ሳያድግ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 37ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ እህል በሚመረትበት በገጠር የሚኖሩ ናቸው። ይህም ጎተራ ሙሉ ስለ ሆነ ብቻ ሕፃን በቂ ምግብ በላ ማለት እንዳልሆነ ያስረዳል።

2/ ሕፃኑ ምግብ የሚገፋው ለምንድን ነው?

ሐኪም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የበሽታውን ምክንያት ይጠይቃል። እናንተም ሕፃኑ ምግብ ሲገፋ «ልጁ ክፉ ጠባይ አለው» ከማለታችሁ በፊት ከሚከተሉት ምክንያቶች የትኛው እንደሆነ መርምሩ።

1ኛ፦ ገና አላወቀውም። ሕፃኑ እስከ አሁን የሚያውቀው መጥባትን ብቻ ነው። ማንኪያ በአፉ ሲገባ ምላሱ ምግቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህ ለጥቂት ቀናት የሚታይ የተፈጥሮ ጠባይ ነው እንጂ እምቢታ አይደለም። አዲስ ጣዕም ሲቀምስም ፊቱን ያጨፈግጋል። ብዙ ሕፃናት አንድን አዲስ ምግብ የሚወዱት 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከቀመሱት በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ «አልወደደውም» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

2ኛ፦ ጠግቧል። ጡት ጠብቶ እንደ ጨረሰ ወዲያው ምግብ ቢቀርብለት ሆዱ ቦታ የለውም። ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ሻይ፣ ብስኩት ወይም ብዙ የላም ወተት የሚሰጠው ሕፃንም የምግብ ፍላጎት አይኖረውም።

3ኛ፦ በጣም ርቦታል ወይም ደክሞታል። እያለቀሰ ያለ ሕፃን የሚያውቀውንና የሚያጽናናውን ጡት እንጂ አዲስ ነገር አይፈልግም። እንቅልፍ የያዘውም እንዲሁ ነው።

4ኛ፦ ምግቡ አልተስማማውም። በጣም ትኩስ፣ ጓጉል የበዛበት ወይም በርበሬ የነካው ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ያው አጥሚት እየቀረበለትም ሰልችቶት ይሆናል።

5ኛ፦ ፈርቷል። አንድ ጊዜ በግድ የተጋተ ሕፃን ማንኪያውን ወይም ኩባያውን ገና ሲያይ አፉን ይዘጋል።

6ኛ፦ ታሟል። ትኩሳት፣ የተደፈነ አፍንጫ፣ የጆሮ ሕመም፣ በአፍ ውስጥ የወጣ ነጭ ቁስል ወይም የሚበቅል ጥርስ መዋጥን ያስቸግራል።

7ኛ፦ የደም ማነስ ይዞታል። ለረጅም ጊዜ በጡት ብቻ የቆየ ሕፃን ብረት ያንሰዋል፤ ብረት ሲያንሰው የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ባለመብላቱም ብረቱ ይብሱን ያንሰዋል። እንዲህ ያለው ሕፃን በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

8ኛ፦ ዘግይቶ ጀምሯል። እስከ 9 ወይም 10 ወር ድረስ የሚታኘክ ነገር ያልቀመሰ ሕፃን በኋላ ለመልመድ ይበልጥ ይቸገራል። ስለዚህ «ጥርስ ሲያወጣ እንጀምርለታለን» ማለት አይገባም። ጥርስ የሌለው ሕፃን በድዱ ለስላሳ ምግብ ማላመጥ ይችላል።

3/ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር

በግድ መጋት። በአንዳንድ ቦታ ሕፃኑን በጉልበት ላይ አንጋሎ፣ መዳፍን በአፉ ላይ ገጥሞ አጥሚት የማፍሰስ፣ አንዳንዴም እንዲውጥ አፍንጫውን የመያዝ ልማድ አለ። ይህን የሚያደርጉት ልጁን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን አደገኛ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ምግቡ ወደ አየር መተላለፊያው ገብቶ ሊያንቀው፣ ወደ ሳንባው ወርዶም የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ከዚህ ቢተርፍ እንኳ ምግብን ከፍርሃት ጋር ይማራል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንደሚባለው በአንድ ቀን ለማብላት መቸኮል የብዙ ሳምንት ሥራ ያበላሻል።

እንዲርበው ብሎ ጡት መከልከል። ጡት ላይ እሬት ወይም ሌላ መራራ ነገር መቀባት፣ ወይም እናቲቱን ከልጁ ለይቶ ማሳደር ሕፃኑን ያስደነግጠዋል። ምግብ ገና ያልለመደ ሕፃን ጡቱንም ካጣ ከሁለት ያጣ ይሆናል።

እንጥል ማስቈረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል። ሕፃን ምግብ አልዋጥ ሲለው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ወደ ቈራጭ መውሰድ በብዙ አገር የተለመደ ነው። እንጥል የሰውነት ክፍል ነው፤ ምግብ የሚያስጠላ በሽታ አይደለም። ቢቈረጥ ብዙ ደም ሊፈስና ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ንጹሕ ባልሆነው መሣሪያም መንጋጋ ቈልፍና ሌላ ተላላፊ በሽታ ሊገባ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሕፃናት አሉ። ድድ እየበሱ ጥርስ ማውጣትም እንዲሁ የሚያስከትለው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሕፃኑ መዋጥ ከተቸገረ የሚወሰደው ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

4/ ቀስ በቀስ የማስለመጃ ዘዴ

ወይፈን ቀንበር የሚለምደው ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። በመጀመሪያው ቀንም ሙሉ ጥማድ አያርስም። ሕፃንንም ምግብ ስታስለምዱ የሚከተለውን ፈጽሙ።

ሀ/ ጊዜውን ምረጡ። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ ደስ ባለው ጊዜ፣ ጡት ከጠባ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ምግቡን አቅርቡለት። በጣም ርቦት የሚያለቅስ ከሆነ በመጀመሪያ ጥቂት ጡት ይጥባና ሲረጋጋ ምግቡ ይቅረብለት። ከበላ በኋላም ከፈለገ ጡቱን ይጥባ።

ለ/ እጅ ይታጠብ። የሚያበላው ሰው እጁንም የሕፃኑንም እጅ በውሃና በሳሙና ይጠብ። ምግቡ በንጹሕ ሳሕን ሆኖ በማንኪያ ይቅረብ። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለ ሆነና ተቅማጥ ስለሚያመጣ አይጠቅምም።

ሐ/ ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የሚያበላው ሰው ፊት ለፊቱ ሆኖ እያየውና እያነጋገረው ግማሽ ማንኪያ ወደ ከንፈሩ ያቅርብለትና ይጠብቅ። አፉን ሲከፍት ይስጠው። ፊቱን ካዞረ ለጥቂት ጊዜ ያቁምና እንደ ገና ያቅርብለት። ሁለተኛም እምቢ ካለ ሳይቈጡ ምግቡን ማንሣትና በሚቀጥለው ሰዓት መሞከር ነው።

መ/ የሚያውቀውን ጣዕም ጨምሩለት። እናቲቱ ጥቂት ወተት ከጡቷ አልባ በበሰለውና በበረደው ገንፎ ላይ ብታደርግ ሕፃኑ የለመደውን ጣዕም በአዲሱ ምግብ ውስጥ ያገኘዋል።

ሠ/ ሌላ ሰው ያብላው። አንዳንድ ሕፃን የእናቱ ጡት ሲሸተው ምግቡን ይተዋል። እንዲህ ሲሆን አባት፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት ቢያበሉት ይሻላል። አባት ሆይ፣ ልጅህን ማብላት የሴት ሥራ ብቻ ነው አትበል። ከእርሻ ስትመለስ ሩብ ሰዓት ተቀምጠህ ብታበላው ልጅህ ይጠቀማል፤ ሚስትህም ታርፋለች።

ረ/ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀመጥ። ሰው ሲበላ የሚያይ ሕፃን መብላት ይፈልጋል። ነገር ግን የራሱ ሳሕን ይኑረው። ከታላላቆቹ ጋር በአንድ ትሪ ከቀረበ ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፤ እነርሱም ይቀድሙታል።

ሰ/ በእጁ ይያዝ። 8 ወር ገደማ ሲሆነው በደንብ የተቀቀለ ድንች፣ የበሰለ ሙዝ ወይም ለስላሳ ዱባ በእጁ ቢሰጠው ራሱ ወደ አፉ ይወስደዋል። ልብሱን ቢያበላሽም አትቈጡት። ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝና የመሳሰለው ደረቅ ነገር ግን ስለሚያንቀው አይሰጠው።

ለጀማሪ ሕፃን የሁለት ሳምንት ማስለመጃ እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን፦ በቀን አንድ ጊዜ 2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ገንፎ።

ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን፦ ያንኑ ገንፎ በቀን ሁለት ጊዜ። የሚበላ ከሆነ እስከ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ድረስ መጨመር።

በ2ኛው ሳምንት፦ በገንፎው ላይ አንድ አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ የተፈጨ ዱባ፣ ከሁለት ቀን በኋላም የተቀቀለ ዕንቁላል ጥቂት። አዲሱን ቢተፋው አሮጌውን አብሉትና አዲሱን በማግስቱ እንደ ገና አቅምሱት።

ዘግይቶ የጀመረ የ9 ወይም የ10 ወር ሕፃንም በዚሁ መንገድ ይጀምራል፤ ነገር ግን ጊዜ ስላለፈበት በየቀኑ ሳይቋረጥ ጠንክሮ መከታተል ያስፈልጋል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ሥራ ይስማማል።

5/ ምግቡ ምን ዓይነት ይሁን?

ሕፃናችን በላ የሚባለው ብዙ ጊዜ ቀጭን አጥሚት ጠጥቶ ነው። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ ኩባያ ያህል ብቻ ነው። ይህችን ትንሽ ሆድ በውሃ ከሞላናት ሕፃኑ ጠግቦ ይራባል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ስለዚህ ገንፎው በማንኪያ ሲያነሡት በማንኪያው ላይ የሚቀመጥ እንጂ ወዲያው የሚፈስ መሆን የለበትም።

የገንፎ ዱቄት አዘገጃጀት

እህል ብቻውን ወይም ጥራጥሬ ብቻውን ሰውነት የሚገነባውን ነገር በሙሉ አይሰጥም። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል፤ እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ በአገራችን የተዘጋጀው «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ምግብም በዚሁ ሐሳብ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ያጣመረ ነበር። እናንተም በቤታችሁ የሚከተለውን አዘጋጁ።

3 ጣሳ እህል፦ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም አጃ፤ አንዱን ወይም ሁለቱን ቀላቅሎ።

1 ጣሳ ጥራጥሬ፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር።

አሠራሩም፣ እህሉን ለቅሞና አጥቦ ማድረቅ፤ ጥራጥሬውን አንድ ሌሊት በውሃ ዘፍዝፎ መከካትና ማድረቅ፤ ሁለቱንም ሳይከስሉ ለየብቻ ማመስ፤ ቀላቅሎ አልሞ ማስፈጨት፤ ከዚያም በሚከደን ንጹሕ ዕቃ በደረቅ ቦታ ማኖር ነው። ብዙ ዱቄት በአንድ ጊዜ አይዘጋጅ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ይሁን።

ማስገንዘቢያ፦ ጓያ በሕፃን ዱቄት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ጓያ ሲዘወተር እግርን ሽባ ያደርጋል። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ለውዝም መርዝ ስለሚኖረው ለሕፃን አይሰጥም። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማርም አይቀመስ፤ ለታላላቆች የማይጎዳ፣ ለእርሱ ግን ብርቱ በሽታ የሚያመጣ ነገር አልፎ አልፎ በማር ውስጥ ይገኛል።

በብቅል ገንፎ ማለስለሻ

ወፍራም ገንፎ ኃይል አለው፤ ነገር ግን ጀማሪ ሕፃን መዋጥ ያቅተዋል። በውሃ ቢቀጥን ደግሞ ኃይሉን ያጣል። ይህን ችግር የሚፈታው ለጠላ የምታዘጋጁት ብቅል ነው። የበቀለ ገብስ ወፍራሙን ገንፎ የሚያላላ ነገር በውስጡ አለው፤ ውሃ ሳይጨመር ገንፎው ይቀጥናል፤ በውስጡ ያለው ዱቄት ግን አይቀንስም።

ብቅሉ የሚዘጋጀው ንጹሕ ገብስ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ ጠፈፍ አድርጎ ሸፍኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን እስኪበቅል በማቆየት ነው። ከበቀለ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶ ይነፋል፤ ከዚያም ይፈጫል። በእሳት መቈላት የለበትም፤ ከተቈላ የማላላት ኃይሉ ይጠፋል። ጌሾ የነካውና የሻገተው ብቅልም አይሆንም። የማሽላ ቡቃያ መርዝ ስላለው ለሕፃን የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ይመረጣል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ወፍራም ገንፎ በደንብ ይብሰል። ከእሳት ይውረድና ፍላቱ ይብረድ፤ ነገር ግን ገና ትኩስ ይሁን። ለአንድ ኩባያ ገንፎ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ገንፎው ይላላል። ከዚያ ጀርም እንዲሞት ተመልሶ ለጥቂት ደቂቃ ይፍላ፤ በርዶም ሕፃኑ ይመገበው። ብቅሉ በሚፈላ ገንፎ ላይ ከተጨመረ አይሠራም፤ በቀዘቀዘ ላይ ከተጨመረም ሥራው ይዘገያል።

6/ ከጓሮና ከዶሮ ቤት

ገንፎው መሠረት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በየቀኑ ከሚከተሉት የተቻለው ይጨመርበት።

ዕንቁላል፦ ጠንክሮ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ በገንፎ ላይ ይጨመራል። ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ዕንቁላሉን ሁሉ ለገበያ ሰዶ በገንዘቡ ለልጅ ብስኩትና ከረሜላ መግዛት ወርቅን በጠጠር መለወጥ ነው። ከዶሮዎቻችሁ አንዲቱን «የልጁ ዶሮ» ብላችሁ ለዩ፤ የእርሷም ዕንቁላል አይሸጥ።

ሥጋና ጉበት፦ ብረት ይሰጣሉ። በግ ወይም ዶሮ ሲታረድ ለሕፃኑ ጉበቱ በደንብ ተቀቅሎ፣ ደቅቆ ይቅረብለት። የመረቁ ውሃ ብቻ አይበቃውም።

ዱባ፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፦ ለዐይንና በሽታን ለመከላከል ይጠቅማሉ። ጣፋጭ ስለ ሆኑም እምቢተኛ ሕፃን ቶሎ ይቀበላቸዋል።

ጎመን፦ ጨረታው ተመርጦ፣ ተቀቅሎና ደቅቆ ይሰጣል።

ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ፦ ማብሰል ሳያስፈልግ በማንኪያ ተፈጭተው ይቀርባሉ።

ወተት፦ የፈላ ወተት ለገንፎ ማብሰያ ጥሩ ነው። ሕፃኑን በወተት ብቻ ማጥገብ ግን ብረት ያለበትን ምግብ ያስተወዋል።

ቅቤ ወይም ዘይት፦ አንድ የሻይ ማንኪያ በገንፎው ላይ ቢጨመር ኃይል ይጨምራል፤ ለመዋጥም ያለሰልሳል።

እንሰት በሚበላበት አገር የቡላ ገንፎ ለሕፃን ይሰጣል። ቡላ ለመዋጥ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ገንቢ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዕንቁላል፣ ወተት ወይም የጥራጥሬ ዱቄት ሳይጨመርበት አይቅረብ። ሻይና ቡና ብረት በሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ለሕፃን አይሰጡ።

7/ በጾም ወራት

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም አይገደድም። ቢሆንም በጾም ወራት ምጣዱና ድስቱ የፍስክ ምግብ እንዳይነካው ሲባል የሕፃኑ ዕንቁላልና ወተት አብሮ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ለዚህ ቀላል መፍትሔ አለው። ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ይኑረው። የቤተ ሰቡ ጾም ይጠበቃል፤ ሕፃኑም ምግቡን አያጣም። የሚጠራጠር ቤተ ሰብ ቢኖር የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

8/ መጠኑና ጊዜው

ከ6 እስከ 8 ወር፦ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ። ከ2 ወይም ከ3 የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ ቀስ በቀስ 250 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ ኩባያ እስከ ግማሹ።

ከ9 እስከ 11 ወር፦ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ኩባያ። በመካከሉም 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ። ምግቡ የደቀቀና ጥቂት የሚታኘክ ነገር ያለበት ይሁን።

ከ12 እስከ 23 ወር፦ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ከሦስት ሩብ እስከ ሙሉ ኩባያ። 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ። ቅመም ያልበዛበትን የቤተ ሰቡን ምግብ ከትፎ መስጠት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕፃኑ በፈለገ ቁጥር፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ይጠባል። ሲታመም ጡቱን አብዝቶ መስጠት፣ የሚወደውን ለስላሳ ምግብም ጥቂት በጥቂት ማቅረብ ነው። ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ማዕድ ይጨመርለት፤ በሕመሙ ጊዜ ያጣውን የሚተካው በዚህ ነው።

9/ ሳይዘገይ ወደ ጤና ድርጅት የሚወሰደው ሕፃን

በማስለመድ የሚድን እምቢታ አለ፤ በማስለመድ የማይድንም አለ። ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ቤት መዋል አይገባም።

ሕፃኑ ምግብ ብቻ ሳይሆን ጡትም እምቢ ሲል፤ የበላውን ሁሉ ሲያስመልስ፤ አንቀጥቅጦት ወይም ደንዝዞ ሲተኛ፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፤ ደም ያለበት ተቅማጥ ሲይዘው፤ ሁለቱም እግሮቹ ሲያብጡ፤ ዐይኑና መዳፉ ሲነጣ፤ ወይም ክብደቱ ሲቀንስ ወዲያው ይወሰድ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃኑን ክንድ የሚለኩበት መለኪያ አላቸው። ከ6 ወር በላይ የሆነው ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት ይዞታል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ብርቱ አደጋ ላይ ነው። ደኅና የሚመስለውም ሕፃን በየወሩ ይመዘን፤ ከ6 ወር ጀምሮም በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ይውሰድ።

10/ ለልማት ሠራተኞች

ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለማስተማር ወደ ገበሬው ቤት ስትሄዱ «በዚህ ቤት ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አለ ወይ? ዛሬ ምን በላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርቱንም በቃል ብቻ አትተዉት፤ አሳዩ። በመንደሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግራችሁ እናቶችንም አባቶችንም ሰብስቡ። ሁለት ድስት ወፍራም ገንፎ አሠሩ። በአንዱ ብቻ የብቅል ዱቄት ይጨመር። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም በማንኪያ ይነሡና ሰዉ ልዩነቱን በዐይኑ ይይ። ብቅል የገባበት ድስት እንደ ገና ፈልቶ ከበረደ በኋላ የመጡት ሕፃናት ይቅመሱት። የሚተፋ ሕፃን ቢኖር አትፈሩ፤ እናቲቱ እንዴት ቆም ብላ እንደ ገና እንደምታቀርብለት ለማሳየት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ደግሞም የእናቲቱን የሥራ ብዛት አስቡ። ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሰብር፣ አረም የምታርም ሴት በቀን ሦስት ጊዜ ሕፃን ለማብላት ጊዜ ያጥራታል። አባቶች ከዚህ ሥራ አንዱን እንኳ ቢካፈሉ ያ ጊዜ የሕፃኑ ማዕድ ይሆናል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ሕፃን ለምን 6 ወር ሲሞላው ምግብ ይጀምራል? ጡትስ እስከ መቼ ይቀጥላል?

2. አንድ ሕፃን ዱባ ሦስት ጊዜ ቢተፋ እናቱ ምን ማድረግ አለባት?

3. በግድ መጋት ምን ጉዳት ያመጣል?

4. በመንደራችሁ ከሚበቅለው እህልና ጥራጥሬ የትኞቹን አጣምራችሁ የሕፃን ዱቄት ታዘጋጃላችሁ? ለምንስ ጓያ አይገባበትም?

5. የብቅል ዱቄት በገንፎ ላይ የሚጨመረው መቼ ነው? ከተጨመረ በኋላስ ለምን እንደ ገና ይፈላል?

6. በቤታችሁ የሕፃኑ ሳሕን ለብቻው ነው ወይስ ከሌሎቹ ጋር? ዛሬ ምን ያህል እንደ በላ የሚያውቅ ማን ነው?

ገበሬዎች ሆይ፤ የዘንድሮን አዝመራ ብታጡ በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ትዘራላችሁ። የልጅ ሁለተኛ ዓመት ግን ካለፈ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከማዕዱ ስትቀመጡ ሕፃኑን ከአጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በሳሕኑም ጥቂት አኑሩለት። ቢተፋውም ነገ እንደ ገና አቅርቡለት።